ከየትኛው ሁኔታ እንደተመለስኩ ይነገረኝ

አሰብ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሣህሉ ወልዴ፣
የመልሶ ማቋቋሚያ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ክቡርነትዎ ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነማኅተምዎና ከነዚያ ውብ ፊርማዎ እንደምን ሰነበቱ? የኅዳር ነፋስ ተስማምቶዎት፣ እንቅልፉም ሳይጓደልብዎት እንደከረሙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደስ ብሎኛል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የደስታዬም ምክንያት እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን ሰው ሁሉ እንዲያነብልኝ፣ ይህንን ደብዳቤ በወደቡ በር ላይ፣ ያን ጊዜ የእኔ ስም በተለጠፈበት በዚያው ሰሌዳ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር፤ ባጭሩ መናገር ባይሆንልኝም። የካሚዮን ሾፌር የነበረ ሰው ሚስት ነበርኩ። እሱ ሲሞት ከደጋ ተመድበው ለሚመጡ መምህራን ክፍል እያከራየሁ፣ ምግብም እየሠራሁ ልጄን አሳደግሁ። ባለፈው ግንቦት የእርስዎ ኮሚቴ በወደቡ አካባቢ በመጥፎ ኑሮ የወደቁትን መልሶ ሊያቋቁም ተነሣና የዐሥራ አንድ ሴቶች ስም ለጠፈ። እኔ አራተኛ ነበርኩ። ሦስተኛዋ በባሕሩ ዳር ካለችው ከዒድ ከተማ የመጣ ደረቅ ዓሣ የምትሸጠው ጎረቤቴ ዙለይኻ ነበረች፤ የዘጠኝ ልጆች አያት ናት።

አንደኛ፤ ስለ ቃሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥሁ ሴት ስለሆንሁ ቃሉን ቤቴ ወስጄ በደንብ አሰብሁበት። የፈረሰ ግንብ መልሶ ይቆማል፤ በጦርነቱ የተሰባበረው የወደቡ መድረክም መልሶ ቆሟል፣ እሰየው። በእኔ ቤት ግን አንድ ሰሐን እንኳ አልተገለበጠም። ይህንኑ ላስረዳ ቢሮዎ ብመጣ ከሻይዎ ቀና ሳይሉ ደንብ ቁጥር ሦስትን አነበቡልኝ፤ ያለ ትዳር ጓደኛ በወደቡ አካባቢ የሚኖር፣ ዘመዶቹ ያልሆኑ ከሁለት በላይ እንግዶች ቤቱን የሚያዘወትሩበት ማንኛውም ሰው ይመዘገባል ይላል። እንግዶቼ የሒሳብና የጂኦግራፊ መምህራን ናቸው ብልዎ፣ ደንቡ የእንግዳን ሥራ አይጠይቅም ብለው መለሱልኝ። ለዚህ መልስዎ እጅግ አመሰግናለሁ። በጥንቃቄ አስቀምጬዋለሁ፤ ወደ ታች ያስፈልገኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ ስፌቱ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት፣ የአሰብን ሐምሌ ሳይቀር፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ተማርን። ዙለይኻ በሕፃንነቷ የተማረችውን እንደገና ስትማር፣ ወላሂ ሐረግዬ፣ እኔ እንኳ ብረሳው መርፌው ያውቀኛል እያለች ላቧን ትጠርግ ነበር። በዚህ መካከል ተከራዮቼ አንድ በአንድ እያፈሩ ወጡልኝ። የጂኦግራፊ መምህሩማ ሣጥኑን እንኳ ሰው ልኮ ነው ያስወሰደው፤ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ጠፍቶት ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ይህችኛዋ ደረቴ ላይ የተቀመጠችው ናት። ስሜ ይፋቅልኝ ብዬ ስለምን፣ የምስክር ወረቀት ያልያዘ አይፋቅም አሉኝ። እሺ ብዬ ጨረስሁ፤ አንደኛም ወጣሁ። ወረቀቱን ስይዝ ግን ስሜ አልተፋቀም፤ አጠገቡ “ተመልሳለች” የሚል ተጨመረበት እንጂ። ወረቀቱም ወይዘሮ ሐረገወይን ይመር ከነበረችበት ሁኔታ ወጥታ ወደ መልካም ኑሮ መመለሷን ይመሰክራል። በዚያው ሰሞን ልጄን ውባንቺን ለጉምሩክ ጸሐፊ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ታላቁ ሽማግሌ አቶ ወሰኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁና በጣም በአክብሮት፣ ወይዘሮ ሐረገወይን፣ ከየትኛው ሁኔታ ነው የተመለሱት ብለው ጠየቁኝ።

እስቲ ክቡርነትዎ ይመልሱልኝ። ከምንም ብል በማኅተምዎ ላይ ዋሸሁ፤ አንዱን ብጠቅስ በራሴ ላይ ዋሸሁ። ምግቡን አቀረብሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ሳይነኩት፣ ጠይቀን እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ልጄ እስከ ዛሬ ያን ወረቀት ፊት ለፊት አታየውም።

አራተኛው አቤቱታ አይደለም፣ ምስጋና ነው። አሠልጣኛችን ባለፈው ሳምንት ወደ አስመራ ስለተዛወረች፣ በደንብ ቁጥር ዘጠኝ መሠረት አንደኛ የወጣችው አሠልጣኝና መዝገብ ያዥ ሆናለች። ኮሚቴው ፍሬ አፈራ ብለው ለበላይ ለመጻፍ ስለቸኮሉ ሹመቴን ሳያነቡ ፈረሙልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። መዝገቡ እጄ ሲገባ ደንብ ቁጥር ሦስትን ዳግመኛ አነበብሁት። “ማንኛውም ሰው” ነው የሚለው፤ ሴት አይልም። ባለቤትዎ ወይዘሮ እቴናት ደሴ ከተማ ከተቀመጡ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ደኅና መሆናቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ካርታ ተጫዋቾች ቤትዎን ያዘወትራሉ፤ አንዱም ዘመድዎ አይደለም። ትልልቅ ሹሞች ናቸው ሊሉኝ ነው፤ ደንቡ ግን የእንግዳን ሥራ አይጠይቅም። ስለዚህ በታላቅ ኀዘን፣ አይ፣ መዋሸት ምን ያደርግልኛል፣ በታላቅ ደስታ በተራ ቁጥር ዐሥራ ሁለት መዝግቤዎታለሁ። ትምህርቱ ሰኞ ከጧቱ በሁለት ሰዓት ይጀመራል። መርፌና መቀስ ይዘው ይምጡ።

ስሜ ይውጣልኝ ካሉ፣ መዝገቡ እንደማይፋቅ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የቀረው መንገድ ደንብ ቁጥር ዐሥራ አንድ ነው፤ ሊቀመንበሩ ሰውየው በስሕተት መመዝገቡን በማኅተም አረጋግጦ ስሙ ያለበትን የመዝገብ ቅጠል በሰው ፊት ይቀድዳል። ታዲያ ወረቀት ስላጠረኝ ስምዎን የጻፍሁት በእኔው ቅጠል ጀርባ ላይ ነው። እኔን ሳይቀድዱ እርስዎ አይቀደዱም። አራቱ ካርታ ተጫዋቾችም፣ እነሱም ሚስቶቻቸውን ደጋ ትተው በየቤታቸው በተራ ስለሚጋበዙ፣ በዙለይኻና በሦስት ጎረቤቶቿ ቅጠል ጀርባ ሰፍረዋል። የቀሩት ስድስት ሴቶች ቅጠል ጀርባ ገና ንጹሕ ነው፤ የወዳጆችዎን ስም እያስታወስሁ ነኝ።

አቶ ወሰኔን ለእሑድ ጠርቻቸዋለሁ። የተቀደደውን ቅጠል ከነማኅተሙ እስከ ቅዳሜ ማታ ቢልኩልኝ፣ በምስክር ወረቀቱ ቦታ እሰቅለዋለሁ።

ክቡርነትዎን አንደኛ ለማውጣት የምትተጋ፣ ከነበረችበት ፈቀቅ ያላለች አሠልጣኝዎ፣
ሐረገወይን ይመር

በተጨማሪ፦ ለስፌት የሚለበሰው ሽርጥዎ ተዘጋጅቷል። ለልክ አይቸገሩ፤ ሱሪዎን ለሠልጣኞች እየላኩ ወገቡን ሁለት ጊዜ ያስሰፉት በእኔው እጅ ነበር። ዐሥራ ሁለት ቁጥርንም በቀይ ክር ደረቱ ላይ ጠልፌበታለሁ፤ ከሩቅ ይታያል።