ሁለት ልቦችን በአንድ ቁጥር ለሚመዘግበው ክሊኒካችን

ለተከበሩ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ገርጂ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ሠራተኞችዎ የልብ ጤንነት እመኛለሁ፤ የየራሳችሁን ልብ ማለቴ ነው። የክሊኒኩን ስም እዚህ ያልጠቀስኩት ወረፋው እንዳይበዛባችሁ አስቤ ነው።

እኔ እዚሁ ገርጂ ኮንዶሚኒየም የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ሐሴት ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው፤ ከእኔ ወርሳው ነው፣ አልደብቅም። ባለፈው ማክሰኞ የፅንሱን የልብ ምት ለማስለካት ወደ እናንተ ይዣት በመጣሁ ጊዜ ላየሁት መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ሊፍቱ ተበላሽቶ ሐሴትን እስከ ሦስተኛ ፎቅ በእግሯ ስላስወጣችኋት አመሰግናለሁ፤ ለነፍሰ ጡር እንቅስቃሴ ጥሩ ነው ይባላል።

2ኛ. የፅንሱን ልብ የሚለካው ማሽን ቀበቶ በሆዷ ዞሮ አልገጥም ሲል፣ ነርሷ ሐሴት ራሷ በእጇ ደግፋ እንድትይዘው ስላደረገቻት፣ ወፍራም እናት ማሽን እንደምታስቸግርም ኮሪደር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ስላስረዳችን አመሰግናለሁ። ተራ የሚጠብቁትም ሁሉ ተምረዋል።

3ኛ. ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ማሽኑ የልጁ ልብ በደቂቃ 124 ይመታል አለ፤ ነርሷም ጤነኛ ነው ብላ ጻፈች። እኔ ደም ግፊት ስላለብኝ የልብ ምትም የሚቆጥረው መለኪያዬ ከቦርሳዬ አይለይም። ሐሴት ከደረጃው በኋላ ገና ታለከልክ ነበርና ክንዷ ላይ ባስርላት የእሷም ልብ 124። ትንፋሿ ሲረጋጋ የእሷ ወደ 98 ወረደ፤ የልጁም አብሮ 98። ሦስት አሳድጌያለሁ፤ እንዲህ እናቱን የሚሰማ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም። ነርሷን ብጠይቃት ልጁ እንቅልፍ ወስዶት ነው ብላ ወረቀቱን ሰጠችን።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ግን አላመንኩም። ያኔውኑ በሚኒባስ እስከ መገናኛ ሄደን፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ያገኘናት አዋላጅ ሲስተር ምንትዋብ በአንድ እጇ የሐሴትን የእጅ አንጓ ይዛ፣ በሌላው የልጁን ልብ ሆዷ ላይ እየፈለገች፣ ሁለቱን ለየብቻ ቆጠረች። ሆድ ሲወፍር የልጁ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ የከበደች እናት ልብ ደግሞ ፈጥኖ ስለሚሠራ ማሽኑ ጎልቶ የተሰማውን የእናቱን ይዞ የልጁ ነው ሊል እንደሚችል አስረዳችን። የልጁ 146 ነበር። ሐሴት አለቀሰች፤ እኔም ትንሽ።

አሁን ልመናዬን ልናገር። ምጥ ሲመጣ በዚህ መንገድ መጨናነቅ መገናኛ አንደርስም፤ የምንሮጠው ወደ እናንተ ነው። ያን ሰዓት ልጁ ቢደክምና ማሽናችሁ የእናቱን እየቆጠረ ደህና ነው ቢለን ማን ያውቅልናል? ስለዚህ ረዘም ያለ ቀበቶ ይግዙልን፤ እስኪገዛም አንዲት ነርስ የእናቲቱን አንጓ ይዛ ትቁጠር። ጣት መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

ዕድሜዎ ረጅም፣ ወገብዎም ለማንኛውም ማሽን የሚስማማ እንዲሆን እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ዘርትሁን ዱባለ
የሐሴት እናት፣ በቅርቡም አያት

ማሳሰቢያ፦ በፋይላችሁ ላይ ያለው 124 የሐሴት መሆኑን ጽፋችሁ አስተካክሉልን። የልጁን ቦታ ባዶ ተዉት፤ እናንተ ዘንድ ገና አልተሰማም።