ሁለተኛው ዘነዘና

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለሚናይ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሆንግ ኮንግ ብርዱ ገባ ሲሉ ሰምቼ ስላንቺ አሰብኩ፤ ሌሊት ደርበሽ ትተኛለሽ ወይ? የምትንከባከቢያቸው ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ።

የእናታችን ሙት ዓመት ደርሶ ሐዘን የማውጫው ጸሎት ባለፈው እሑድ ተደረገ። «ለመምጣት እሞክራለሁ» ያልሽበትን ደብዳቤ ራሴ አነበብኩት፤ ከጸሎት መጽሐፍ የለቃቀምኳት ፊደል ለዚህ በቃችኝ። ወዲያው የጓሮውን ሙዝ አስቆረጥኩ። ገና አረንጓዴ፣ ተቀቅሎና ተወቅጦ ለሚበላው ኒሉፓካችን ልኩ ላይ የደረሰ ነበር። እንደ ልጅነታችን ሙቀጫውን መሐል አድርገን፣ አንቺ ከወዲያ እኔ ከወዲህ እንድንወቅጠው ብዬ ማንንም አላስነካሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ስላለ የሞተር ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ በሰማሁ ቁጥር ደጅ እወጣለሁ። ጎረቤታችን ኢሲንግ፣ «እትዬ ሳሉድ፣ ሙዙ እኮ እንደ አንቺ ታጋሽ አይደለም፤ ዛሬ ቀቅዪው» ብትለኝ መንገዱን ማየት ቀጠልኩ።

አልመጣሽም። እሑድ ጠዋት ሳየው ሙዙ ቢጫ ሆኗል። እንግዳ ተጠርቷል፣ ሌላ የደረሰ ሙዝ የለም፤ ምን ላድርግ፣ ቀቀልኩት። ያንቺን ዘነዘና ኢሲንግ ከጥጉ አነሳችው። «ይሄን እንጨት የሚያነሳው ሆንግ ኮንግ ያለ ሰው ብቻ ነው እንዴ?» አለች። ምቷ ከምቴ አልገጥም ብሎ ዘነዘና ከዘነዘና ሲጋጭብን አረፈደ። የበሰለ ሙዝ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ የተፈቀፈቀውን ኮኮናትና ስኳሩን ብንጨምርበትም እንደ ሙጫ ተያያዘ። አጎት ፒድዮንግ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ከነጣፋጩ አውጥቶ እያየ፣ «ሳሉድ፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ የጀልባ ቀዳዳ መድፈኛ?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ኋላ ግን ሰው ሁሉ ጥቁሩን አውልቆ ቀለም ያለው ሲለብስ እኔ አላወለቅሁም። ቀሚሴ አልደረቀም ብዬ ዋሸሁ። ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ የእናታችንን ሞት የነገርኩሽ ከቀብር በኋላ ነበር። «የእናቴን ፊት ነሳሽኝ» ብለሽ የጻፍሽልኝ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። አንቺ ሳታለቅሺላት ለቀበርኳት እናት ብቻዬን ሐዘን ማውጣት አቃተኝ።

ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ያለው የሙዝ ተክል ሌላ ዘለላ ይዟል። ከብዶት እንዳይወድቅ በቀርከሃ ደገፍኩት። ልጄ ናርዶ «እማዬ፣ ልቁረጠው?» ቢለኝ ተቆጣሁት። ሳትመጪ አላስቆርጠውም፤ ጥቁሩንም አላወልቅም። ዛፉ ላይ ከበሰለም የሌሊት ወፍ ይብላው። የምትመጪ ከሆነ ቀኑን ጻፊልኝ፤ የማትመጪ ከሆነም ጻፊልኝ፣ ደጅ መውጣቴን ልተው።

ናርዶና ሚስቱ ሊታ ናፍቀንሻል ይላሉ። አጎት ፒድዮንግ ለጥርሱ ካሳ ላኪልኝ ብሎሻል። ኢሲንግም ሰላም ብላሻለች፤ ዘነዘናሽን አጥባ ጥጉ ላይ መልሳዋለች።

ታላቅ እህትሽ ሳሉድ
ማውባን፣ ኬዞን
ኖቬምበር 19 ቀን 1987