የእናቴ ሻወርና የመሥሪያ ቤትዎ መለኪያ

ይድረስ ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ የተሟላ፣ የደም ግፊትዎም ከቤቴ የውሃ ግፊት በእጅጉ የተስተካከለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ፣ ከእኛ ጋር የሚኖሩት የሰማንያ አራት ዓመት እናቴም፣ ሳሙናው በወጉ ካልለቀቀው የሰውነታችን ክፍል በስተቀር ደህና ነን።

በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት አቤቱታዎች «ችግር አልተገኘም» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ስለተመለሱልኝ ነው። ማኅተሙ ደማቅና ከሩቅ የሚነበብ በመሆኑ ላመሰግንዎ እወዳለሁ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ወጥቶ እኔ ዘንድ በሙሉ ግፊት የደረሰ ነገር እስካሁን እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ ከስምንት ወር በፊት ጀመረ። የሻወራችን ውሃ ደህና ይወርድና ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ሳሙና ከተቀባ በኋላ እየቀጠነ ሄዶ ክር ያህላል፤ ከዚያ ደስ ሲለው ይመለሳል። ጨርሶ ቢጠፋ ኖሮ ባልዲ ሞልተን እንጠብቀው ነበር። የእርስዎ ውሃ ግን አለሁ ብሎ አስገብቶ መሃል ላይ የሚከዳ ነው። እኔ በሙያዬ የገበያ ሚዛን መርማሪ ነኝ፤ ያልለካሁትን መናገር አልወድም። ስለዚህ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ጣቴን ወደ እርስዎ ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ቤት መርምሬአለሁ። የሻወሩን ራስ ፈትቼ ግማሽ ቀን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመርፌ ጠርጌአለሁ፤ ሰባ ሁለት ናቸው። ጎማውን ቀይሬአለሁ። የማሞቂያውን ማጥሊያ አጥቤአለሁ። ቆጣሪው አጠገብ ያለው መዝጊያ እስከ መጨረሻው መከፈቱን አረጋግጫለሁ። የሚያፈስ ቧንቧ እንዳለ ለማወቅም የቤቱን ውሃ ሁሉ ዘግቼ ቆጣሪው ፊት አርባ ደቂቃ ቆሜአለሁ። ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም፤ ባለቤቴ ግን በመስኮት ብቅ ብላ «እሱ እንደሆነ የትም አይሄድ፣ ግባና ምሳህን ብላ» ብላኛለች። በመጨረሻ የግቢው ቧንቧ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥሜ ንባቡን በቀን ስድስት ጊዜ በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። ውሃው ደህና በሆነበት ሰዓት የመለኪያው መርፌ ሁለት ቁጥር ላይ ይቆማል፤ የታችኛው ሰፈር ቧንቧውን ሲከፍት ግን ከግማሽ ቁጥር በታች ይወርዳል፣ ሻወሩም በዚያው ቅጽበት ይቀጥናል። በአጭሩ ችግሩ ከአጥሬ ውጭ ነው፤ ከአጥሬ ውጭ ያለው ቧንቧ ደግሞ የእርስዎ ነው።

2. ይህንኑ ደብተር ይዤ መስኮት ቁጥር ሦስት ዘንድ ስቀርብ፣ የተቀበለችኝ ሠራተኛ ደብተሩን ሳትገልጥ ኮምፒውተሯን አይታ «ጋሼ፣ ሲስተሙ እኮ ግፊት አለ ነው የሚለው» አለችኝ። ስለ ትሕትናዋ አመሰግናለሁ። እናቴ ሲስተሙ ውስጥ ገብተው ገላቸውን የሚታጠቡበት መንገድ ካለ ግን ፎጣ ይዘን ለመምጣት ዝግጁዎች ነን።

3. ለኪዎችዎ መጡ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ረጅምና ተጫዋች፣ ሌላው ዝምተኛና ጸሐፊ። መለኪያቸውን ሲገጥሙ መርፌው ዘልሎ አራት ላይ ቆመ። ሻወሩን ብንከፍተው መጋረጃውን እስኪያንሳፍፍ ድረስ ፎከረ። ረጅሙ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄን የመሰለ ውሃ እኔም ቤት የለ! ምን ጎድሎዎት ነው የሚከሱን?» አለኝ። እኔም በራሴ አፈርኩ። መኪናቸው ከመንገዱ ከተሰወረች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መርፌው ግማሽ ላይ ወረደ። በሁለተኛው ልኬትም የሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ረጅሙ ሰው የሙያ ምክር መጨመሩ ብቻ ነበር። «የሻወሩን ራስ ዝቅ አድርገው ይስቀሉት፤ ውሃ ዳገት አይወድም» ብሎኛል። ምክሩን ተቀብዬ አሁን ከወገቤ በታች አድርሼዋለሁ። በዚሁ ከቀጠልን በሚቀጥለው ዓመት ተኝተን እንታጠባለን።

4. ይህን ቁጥር ያለ ፌዝ እጽፈዋለሁ። እናቴ አምና የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ስለነበር የሚታጠቡት ሻወሩ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው፤ የምታጥባቸው ባለቤቴ ናት። ከሰባት ሳምንት በፊት ጭንቅላታቸው በአረፋ እንደተሸፈነ ውሃው ቀጠነ። ማሞቂያችን ውሃውን ሳያጠራቅም፣ እያለፈ ሳለ የሚያሞቅ ዓይነት ስለሆነ፣ የሚያልፈው ውሃ ሲያንስ የተረፈችው ጥቂት ውሃ ትፈላለች። የፈላችው እናቴ ጀርባ ላይ ወረደች። በዚያ በተጠገነ ዳሌያቸው ተነሥተው ለመሮጥ ሞከሩ፤ ባለቤቴ በብብታቸው ገብታ ባትይዛቸው ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነበር። ከቀኝ ትከሻቸው በታች የመዳፍ ያህል ቆዳ ተገፈፈ። የሐኪሙ ወረቀት ተያይዟል።

ቁስሉ ድኗል። ያልዳነው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሻወር ቤት አልገባም አሉ። «ምን ቆሽሼ ነው? እርሻ ውዬ አልመጣሁ» ይላሉ፤ ባለቤቴም በእርጥብ ጨርቅ ታብሳቸዋለች። እኚህ ሴት በመሥሪያ ቤት አርባ ዓመት ታይፒስት ሆነው ሲሠሩ አንድም ቀን ኮሌታቸው ሳይተኮስ ከቤት አልወጡም። እኔን ልጃቸውን ዛሬ እንኳ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ «ና እስቲ፣ ከጆሮህ ኋላ ልየው» ይሉኛል። አሁን እንግዳ ሲመጣ የክፍላቸውን በር ይዘጋሉ። ለምን እንደሚዘጉ ለባለቤቴ በጆሮዋ ነግረዋታል፤ እሸታለሁ ብለው ነው። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ ስምንት ወር ሙሉ በመለኪያ ቁጥር የተሟገትኩት ይህ ነገር እንዳይደርስ ነበር። ደረሰ። ይህን ለመስኮት ቁጥር ሦስት ባመለክትም «ሁለቴ ተለክቷል፣ ሦስተኛው በተራ ነው» ተብያለሁ።

5. ተራዬን እየጠበቅሁ ደብተሬን ደግሜ አየሁት፤ ለኪዎችዎን ስጠብቅ ንባቡን በየአምስት ደቂቃው መዝግቤ ነበርና፣ በመጡባቸው በሁለቱም ቀናት መርፌው ወደ አራት የወጣው እነሱ ከመድረሳቸው አሥር ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሱቅ ለሱቅ ስዞር ኖሬአለሁ። መርማሪ መጣ ሲባል ትክክለኛውን ኪሎ ከባንኮኒው ሥር የሚያወጣ ነጋዴ ፊቱ ምን እንደሚመስል በጨለማም አውቀዋለሁ። ስለዚህ በሦስተኛው ልኬት ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ አልጠበቅሁም፤ ከመንገዱ ማዕዘን፣ የዋናው መስመር መዝጊያ ካለበት ጉድጓድ አጠገብ ቆምኩ።

ሰፈሩ «አባ መፍቻ» የሚላቸው የመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኛ መጡና የጉድጓዱን ክዳን አንሥተው በረጅሙ የብረት ቁልፋቸው መዝጊያውን ማዞር ጀመሩ። ምን እየሠሩ እንደሆነ ብጠይቃቸው ምንም አልደበቁኝም። «ለኪዎቹ እየመጡ ነው፤ ሲለካ መስመሩ ሙሉ ክፍት ይሁን ነው መመሪያው። አለዚያማ መለኪያው ዝቅ ብሎ ያነባል» አሉኝ። ከተለካ በኋላስ? «ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ» አሉኝ። ቦታው የት ነው? አሥራ አራት ዙር ከሚዞረው መዝጊያ ሁለት ዙር ብቻ ክፍት። ከስምንት ወር በፊት ቧንቧ ፈንድቶ ሲጠገን «እስከ ተለዋጭ ትእዛዝ» ይጠበብ ተብሎ ነበር። ቧንቧው በሦስት ቀን ተጠገነ። ተለዋጩ ትእዛዝ አልመጣም። «ታዲያ ለምን አይጠይቁም?» ስላቸው በትዝብት አዩኝ፤ «ጠይቄ ነበራ! ልኬቱ ዝቅተኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ይከፈታል ተባልኩ» አሉ።

እባክዎ ይህን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቡት። መዝጊያው የሚከፈተው ልኬቱ ዝቅ ሲል ነው፤ ልኬቱ ዝቅ እንዳይል ደግሞ ሲለካ መዝጊያው ይከፈታል። ከዚህ ባነሰ ጥፋት ሱቅ አሽጌአለሁ። ያሸግሁባቸው ነጋዴዎች ግን ቢያንስ እንደሚያጭበረብሩ ያውቁ ነበር። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ያለ ምንም ክፋት፣ በመመሪያና በፊርማ፣ ራሱን አታልሎ የእናቴን ጀርባ አቃጠለ።

6. ቅሬታ ብቻ እንዳይሆን ምስጋናም አለኝ። ነገሩን ከደረስኩበት በኋላ አራተኛ አቤቱታ አስገባሁ፤ ልኬቱም ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እንዲሆን ለመንኩ። ለእናቴም ቅዳሜ በአራት ሰዓት ውሃ እንደሚኖር ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ደብተሬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ በሁለት ቦታ ቀን መሳሳቴን በእስክሪብቶ አረሙ፤ ከዚያ «እንግዲያው ፎጣዬን አውጡልኝ» አሉ።

ለኪዎችዎ ግቢ ውስጥ መለኪያቸውን ሲገጥሙ እናቴ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ባለቤቴ አስቀድማ እጇን ከውሃው ሥር አድርጋ ሙቀቱን ለካች። እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ፣ ሰዎቹ ሊሄዱ ሲሉ ስስል ማሞቂያው ወዲያው እንዲጠፋ ተስማምተን ነበር። ውሃው ወረደ። የእናቴ ድምፅ በመስኮት ተሰማ፤ «ምን መጣ ዛሬ? ባለሥልጣን ሊያልፍ ነው እንዴ?» ይላሉ። ከሰባት ሳምንት በኋላ ሲስቁ ሰማኋቸው። ረጅሙ ሰው አራት ብሎ አነበበ፤ ዝምተኛው ጻፈ። እኔም እባካችሁ ለጥንቃቄ ድገሙልኝ አልኩ። ደገሙ። መርፌው የተንቀጠቀጠ መሰለኝ ብዬ ሦስተኛ ለመንኩ። ለኩ። በአራተኛው ረጅሙ ሰው «ጋሼ፣ ውሃ ነው እኮ፤ ወርቅ አደረጉት!» ብሎ መፍቻውን ሰበሰበና ስልኩን አውጥቶ ለአባ መፍቻ ይበቃል አላቸው። እኔ ሳልኩ። «ይማርዎት» አለኝ። አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው ያገኘነው።

በመሆኑም በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ያቺን ስምንት ወር ያረገዟትን ተለዋጭ ትእዛዝ ይፈርሙ፤ አንድ መስመር ናት፣ እስክሪብቶ ከሌለዎት እናቴ አላቸው። ወይም ደግሞ ውሃ የሚመጣው ከለኪዎች ጋር ብቻ ከሆነ፣ ለሚቀጥሉት አሥራ ሁለት ቅዳሜዎች የሞላኋቸው አሥራ ሁለት የአቤቱታ ቅጾች ከዚህ ጋር ተያይዘዋልና በየሳምንቱ አራት ሰዓት ላይ ሰዎችዎን እንዲልኩልኝ ነው። ችግሩን እንዲያገኙት አልጠይቅም። እየመጡ አያግኙልኝ።

ሳሙና ዓይኑ ውስጥ ገብቶም ቢሆን እርስዎን ከማክበር ያልቦዘነው፣ ከአሥራ አራት ዙር በሁለቱ የሚኖር ደንበኛዎ፣

የሚዛን መርማሪው፣ የታይፒስቷ ልጅ

ማስታወሻ፦ የቅዳሜው ቅጽ ትናንት ተመልሶልኛል። ለኪዎቹ ፊርማ ሲጠብቁ እናቴ በፎጣ እንደተጠቀለሉ ቅጹን አስመጥተው «የደንበኛው አስተያየት» በሚለው ቦታ በዚያ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ብለው ነበር፦ «ጀርባዬ ሳይለቀለቅ ዘጋችሁት። ቅዳሜ ስትመጡ ሳሙና አለኝ፤ መለኪያውን ብቻ አትርሱ።» መልስዎ ደርሶናል። «ችግር አልተገኘም» የሚለው ማኅተም እንደ ወትሮው ደማቅ ነው፤ ያረፈውም ልክ «ጀርባዬ» በሚለው ቃል ላይ ነው።