መርዶ ያልሰሙ ወራሽ

ለሕይወት መድን ክፍያ መምሪያ ኃላፊ
ቀን፦ ጥቅምት 19

ጉዳዩ፦ ወራሽ እናቴ ቢሮ ሳይቀርቡ የወንድሜ የሕይወት መድን ክፍያ እንዲፈጸም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ታላቅ ወንድሜ የኤሌክትሪክ መስመር ዘርጊ ነበር። ባለፈው ክረምት ሥራ ላይ ሳለ ከምሰሶ ወድቆ አረፈ። መሥሪያ ቤቱ በእናንተ ዘንድ የሕይወት መድን ገብቶለት ነበር፤ በውሉ ላይ በተጠቃሚነት የተመዘገበችው ባለቤቱ ናት። እሷ ግን ከእሱ በፊት በሕመም አርፋለች። ልጅ አልወለዱም።

2. መስኮት ላይ ያሉት ሠራተኛ፣ ሚስቱ ስትሞት ስሟን ለምን እንዳላስቀየረ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም በጊዜው ጨቅጭቄዋለሁ። እሱ ግን «አንዴ ቀብሬያታለሁ፣ ደግሞ ከወረቀት አላወጣትም» ብሎ ዘጋኝ። ግትር ሰው ነበር። እወደው ነበር።

3. ተጠቃሚዋ ቀድማ በማረፏ ክፍያው ለሟች ወራሽ እንደሚሆን አስረድታችሁኛል። አባታችን በሕይወት ስለሌለ፣ እኔና እህቴም ድርሻችንን ስለተውላቸው ፍርድ ቤት የእናታችንን ወራሽነት አረጋግጧል። ጉዳዩን የተከታተልኩት ጡረታቸውን እንዳወጣላቸው ብለው ከዓመታት በፊት በሰጡኝ ሙሉ ውክልና ነው። ቢሮአችሁ ግን ውክልናው አይበቃም፣ ወራሿ ራሳቸው ቀርበው በፊታችን ይፈርሙ ብሏል። ሠራተኛዋም «የእኔ እናት ብትሆን እኔም እንዳንተ ነበር የማደርገው፣ ግን ደንብ ነው» ብለው አዝነው መለሱኝ።

4. እናቴ ልጃቸው መሞቱን አልሰሙም።

5. የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪማቸው የሚጠብቃቸው የልብ ቀዶ ሕክምና እስኪያልፍ ድረስ ክፉ ወሬ ጆሯቸው እንዳይገባ አጥብቀው አሳስበውናል፤ ማስረጃው ተያይዟል። እኛም ሩቅ ሥራ ሄዷል፣ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም እያልን ይዘናቸዋል። መብራት የሚዘረጋ ሰው እንዴት ስልክ ያጣል እያሉ ያፋጥጡናል። ሲመጣ ጆሮውን እንደሚቆነጥጡትም ዝተዋል። እህቴ ለቅሶዋን የምታለቅሰው ጎረቤት ቤት ሄዳ ነው። እኔ አናጢ ስለሆንኩ ዓይኔ በቀላ ቁጥር በሰጋቱራ አሳብባለሁ።

6. የመሥሪያ ቤታችሁ መልእክተኛ በቅርቡ ደብዳቤ ይዞ ቤት መጥቶ ነበር። ፖስታው ላይ በትልቁ «ለሟች ወራሽ» ተብሎ ተጽፏል። በሩን ከፍተው የተቀበሉት እናቴ ናቸው። ደግነቱ መነጽራቸውን አላደረጉም ነበርና እህቴ የውሃ ሂሳብ ነው ብላ ከእጃቸው ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ መነጽራቸው ጥገና ላይ ነው። መልእክተኛው ሥራውን ነው የሠራው፣ አልከሰውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

7. ቀዶ ሕክምናው ያለዚህ ገንዘብ አይሆንም። ገንዘቡ ያለ ፊርማቸው አይወጣም። የሚፈርሙበት ቅጽ ደግሞ ገና ሲጀምር «ልጄ በሞት ስለተለየኝ» ይላል። ምን ቸገረህ፣ መነጽሩን ደብቀህ አስፈርማቸው ያሉኝ ወዳጆች አሉ። አላደርገውም። ብዙ ዋሽቻቸዋለሁ፤ የልጃቸውን ሞት ሳያውቁ በገዛ እጃቸው እንዲያጸድቁ ማድረግ ግን አንጀቴ አልቻለም።

ስለዚህ ክፍያው በያዝኩት ውክልና እንዲፈጸም በትሕትና እለምናለሁ። በእኔ እጅ ማለፉ የሚያሳስብ ከሆነ እኔ ሳልነካው በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይከፈል። ፊርማቸው የግድ ከሆነም ክፍያው ይቅደምና የሚፈርሙበት ቀን ከሕክምናው በኋላ ይሁንልን። ያን ጊዜ መርዶውን እኔው ነግሬያቸው፣ እኔው ደግፌ አመጣቸዋለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን ወደ ቤት ደብዳቤም ሰውም እንዳይላክብን፤ የምትፈልጉኝ ከሆነ የእንጨት ሥራ ቤቴ አድራሻ ከማመልከቻው ጋር አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚችልላቸው ጠይቀውን ነበር። ወንድማችን ነው አልናቸው። ደስ ብሏቸው ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ፣ መረቁትም። ባለፉት ወራት ከነገርናቸው ሁሉ እውነት የሆነው ይህ ብቻ ነው። እባክዎን እሱንም ውሸት አያድርጉብን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሟች ታናሽ ወንድም፣ አናጢው