ከቀድሞ አማቴ ጋር ወደ ሸንተረሩ

ጥር 9

ተራ ቀን። ጠዋት አንድ ሽማግሌ አዲሱን መነጽራቸውን ይዘው ተመለሱ። በሱ ሲያዩ ሚስታቸው አረጀችባቸው። አለቃዬ ሳቁን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ ፍሬሙን ትንሽ አጥብቄ ሰጠኋቸው። "አሁን ይሻላል" ብለው ሄዱ። ሌንሱን አልነካሁትም።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ስማቸውን አላጠፋሁትም ነበር። "እማማ" የሚለው ብቅ ሲል የያዝኩት ሌንስ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም። ከልጃቸው ጋር ከተፋታን ወዲህ ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰላምታ አላበዙም። ጡረታ ወጥተዋል። ደሴቱ ላይ ያለውን ሸንተረር እንወጣዋለን ያልነውን አልረሱም... ያኔ ለሦስት ነበር ያልነው። ዕድሜ ልካቸውን ሴቶች ሲያዋልዱ ከማዋለጃ ክፍሉ መስኮት በባሕሩ ማዶ ሲያዩት ኖረዋል። አንድ ቀን እግራቸውን ሳያሳርፉበት መሞት አይፈልጉም።

"እሱ አይመጣም" አሉኝ። "አንቺስ?"

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ጥር 12

ለእህቴ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር፣ ቢላዋን አስቀመጠች።

"ባልሽን ፈትተሽ እናቱን አገባሽ እንዴ?"

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ታላቅ ስለሆነች አትስቅም። ለመሆኑ ምንሽ ናቸው አለችኝ። የቀድሞ ባል አለ። የቀድሞ አማት የሚባል ነገር አለ? እዚህ ራሱ ምን ብዬ እንደምጽፋቸው አላውቅም። ያው እማማ ብዬ ልቀጥል... ሌላ የለመድኩት የለም።

ጥር 20

የመጀመሪያው የእሁድ ልምምድ። ከወደቡ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወስደውን ደረጃ ወጣን፣ ወረድን፣ ደግመን ወጣን። እማማ የጀርባ ቦርሳቸውን ሩዝ ሞልተው መጡ። ለኔም ሌላ ከረጢት ሩዝ ይዘውልኛል። ሳልጠይቅ።

ከእሳቸው ጋር ደረጃ መውጣት ከባድ ነው። ግማሹ ከተማ በእጃቸው ስለተወለደ በየእርምጃው ሰው ያስቆማቸዋል። አንድ ጺማም ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ሳማቸው። ከሄደ በኋላ "ይሄ ሲወለድ በእግሩ ነው የመጣው" አሉኝ። "እስካሁን እንደቸኮለ ነው።"

ስለ ልጃቸው አንድም ቃል አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። ትንፋሽም አልነበረኝም።

የካቲት 3

ጫማ ልንገዛ ሄድን። ሻጩ የእማማን ቁርጭምጭሚት እየለካ "ልጅዎ ናት?" አላቸው።

"የልጄ..." ብለው ቆሙ።

ሰውየው ቀሪውን አልጠበቀም። ማሰሪያውን ማጥበቅ ጀመረ። እኔ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ካልሲዎች አየሁ። ብዙ ካልሲ አየሁ። ስንወጣ እማማ ክንዴን ያዙ፤ መንገድ ለመሻገር ነው መሰለኝ። ከተሻገርን በኋላም አልለቀቁኝም።

የካቲት 8

ጉልበቴን አመመኝ። የኔን ነው። የሳቸው ደህና ነው።

የካቲት 15

እህቴ ሱቅ ድረስ መጣች። ደውላ አለመንገሯ ራሱ ልቤን አራደው። በሩ አጠገብ ቆማ "ከሌላ ሰው ከምትሰሚው" አለች።

ሊያገባ ነው። ሚያዝያ ላይ። አዳራሽ ተይዟል፣ ሰው ተጠርቷል።

"እናቱ አልነገሩሽም?"

"አልነገሩኝም።"

እህቴ ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ደግ ልትሆን ስትሞክር እንዲህ ነው የምትሆነው።

የካቲት 16

እንባ ይመጣል ብዬ ነበር። አልመጣም። አንድ ሌንስ ሰበርኩ፣ ይኸው ነው። አለቃዬ ስባሪውን ራሱ ጠረገ። ምናልባት ወሬው እሱም ጋ ደርሷል።

ደሞ የከፋኝ በሱ አይደለም። እሱ ያግባ፣ ይውለድ፣ ይቅናው። ቤት ውስጥ መጨረሻ ላይ ሁለት ተከራዮች ነበርን። እሳቸው ግን... በየእሁዱ አጠገቤ እያለከለኩ እንዴት ዝም ይላሉ? ወይስ ይሄ ተራራ መሰነባበቻ ነው? ደክሜ፣ ፎቶ ተነስቼ፣ በሰላም እንድሸኝ?

የካቲት 24

ከከተማ ውጭ ያለውን ኮረብታ ወጣን። እንዲነግሩኝ ጠበቅኩ። ስንነሳ ጠበቅኩ፣ ዛፎቹ ጋ ስናርፍ ጠበቅኩ። ስለ ካልሲ አወሩኝ። ሱፍ ይሻላል፣ ጥጥ ውሃ ይይዛል። አንድ ጊዜ "ስሚ እስቲ" አሉ። ቆምኩ። "ውሃሽን ጠጪ" አሉኝ።

እኔስ ለምን አልጠየቅኩም? ሦስት ቃል ናት። ልጅዎ ሊያገባ ነው? በቃ። ግን ከጠየቅኩ ይመልሳሉ። ከመለሱ በኋላስ? እሁድ እሁድ ምን አደርጋለሁ?

መጋቢት 2

ልቀር ወስኜ ደወልኩ። ሥራ በዝቷል ልል። ገና ሳልጀምር የመርከቡን ትኬት እንደገዙ፣ እኔን መስኮት ጋ እንዳደረጉኝ፣ ባሕር ላይ እንደሚያቅለሸልሸኝ እንደማይረሱ ነገሩኝ።

እሺ እማማ አልኩ። ሁለተኛ እሺ።

መጋቢት 9

ደሴቱ ላይ ነን። መርከቡ ላይ አቅለሽልሾኝ ነበር። እማማ ማንደሪን ልጠው አፍንጫዬ ላይ ያዙልኝ፣ አልበላሁትም፣ አሸተትኩት ብቻ። ረዳኝ።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ናቸው። ማታ ራት ላይ መንገዱን በሹካ ጠረጴዛው ላይ ሳሉልን። መጀመሪያ ጫካ፣ ከዚያ ድንጋያማው ዳገት፣ ከዚያ ሸንተረሩ። ጫፉ ሳይደርስ አንድ ጠባብ ቦታ አለ። እንደ ቢላዋ አፍ ስለሆነ የደሴቱ ሰዎች ስለቱ ይሉታል። ግራውም ቀኙም ገደል ነው። ደመና ከባሕር ሲነሳ ካያችሁ ተመለሱ አሉን። "ተራራው የትም አይሄድም። የሚሄደው ሰው ነው።"

እማማ እንደ ተማሪ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አሁን እዚያኛው አልጋ ላይ ሆነው ጫማቸውን በጨርቅ እያሹ ነው። አዲስ ጫማ ምን ይታሻል? ፈርተዋል መሰለኝ። እኔም ፈርቻለሁ።

ዛሬም አልነገሩኝም።

መጋቢት 11

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ጫካው ጥሩ ነበር፣ እርጥብ፣ ዝም ያለ። ዳገቱ ላይ እማማ ቀደሙኝ። ሸንተረሩ ላይ ስንወጣ ሁለታችንም ቆምን። በዚህም ባሕር፣ በዚያም ባሕር። ማዶ ከተማችን ትንሽ ነጭ ነገር ሆና... እማማ ሆስፒታሉን ፈለጉት። ጣታቸውን ዘርግተው "ያ ነው፣ አይ ያኛው" ሲሉ ቆዩ። እኔ ከዚያ ርቀት ምንም አልለየሁም። ለየሁት አልኳቸው።

ከዚያ ስለቱ። የአግዳሚ ወንበር ስፋት ቢኖረው ነው። እማማ "እኔ ልቅደም" አሉ። ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የሚቀድሙት። ጥቂት እንደሄዱ ነፋሱ ከግራ መጣ። ቁጭ አሉ። እንደ ፈረስ ተፈናጠው፣ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አቅፈው። የሚያርፉ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልተነሱም።

እማማ፣ ይመለሱ አልኩ። አልሰሙኝም። እማማ፣ ቀስ ብለው ወደኋላ ይሳቡ አልኩ። ጀርባቸው ይንቀጠቀጣል። ስንቷን ሴት "አይዞሽ፣ ተንፍሺ" ያሉ ሰው ራሳቸው አይተነፍሱም።

በሆዴ ተስቤ ሄድኩ። እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ቀበቷቸውን ያዝኩ።

"ስሚኝ" አልኩ። "ታች አትዪ። ቀኝ እጅሽን ልቀቂና ወደኔ አምጪው።"

እጇ መጣ።

"ጎበዝ። አሁን ወደኋላ ተሳቢ። ይዤሻለሁ። ተሳቢ።"

እንደዚያ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ስለቱ የሚጀምርበት ሰፊ ድንጋይ ድረስ። እዚያ ስንደርስ ሁለታችንም ለስለቱ ጀርባችንን ሰጥተን ተቀመጥን። ሱሪያችን ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ከዚያ እማማ ባሕሩን እያዩ፦

"ልጄ ሊያገባ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ዞረው አዩኝ። "እያወቅሽ ነው የመጣሽው?"

"እርስዎስ እያወቁ ለምን ጠሩኝ?"

የጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ፣ መልሰው አሰሩ። ከነገርኳት አትመጣም ብለው ነው። ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ እያሉ እዚህ ደረሱ። ሰርጉ ካለፈ ደግሞ አዲሷን ልጄ እያሉ እኔ ጋ ለመደወል ፊት አይኖራቸውም። "እሱ ሲፈታሽ እኔን ማንም አልጠየቀኝም" አሉ። "እኔ አልፈታሁሽም እኮ።"

ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣው። ሳምንታት ዘግይቶ፣ ለሌላ ሰው።

ስናበቃ ወደ ስለቱ አዩ። እንደገና እንሞክር አሉ። ከባሕሩ ላይ ደመና እየተነሳ ነበር። እምቢ አልኩ። ከሳቸው ጋር ከተዋወቅን እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው። አልተከራከሩም። ወረድን።

ጫፉን አላየነውም።

መጋቢት 14

እህቴ ጫፍ ደረሳችሁ ወይ አለች። አልደረስንም። "ታዲያ ምን አተረፋችሁ?" የተቀደደ ሱሪ አልኳት። አሁን እሷም ሳቀች።

ከሰዓት እማማ ደወሉ። ጉልበታቸው አብጧል። ከዚያ ድምፃቸውን ቀየር አድርገው "እዚያ ላይ አንቺ ብለሽኛል" አሉኝ።

በድንጋጤ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ።

"ምን ይቅርታ አለው? ልጄ ከተወለደ ጀምሮ አንቺ ነው የሚለኝ። አንቺ ቤቴ ገብተሽ እስክትወጪ አንቱ እንዳልሽኝ ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ ፈርቼ ፈርቼ... ስሚኝ ስትዪኝ ልጅ ያለኝ መሰለኝ። ከእንግዲህ አንቱታሽን ለሽማግሌ ደንበኞችሽ አድርጊው።"

እሺ አልኩ። ግን እንዴት ነው የሚደረገው? ስልኩን ስዘጋ "ደህና ይዋሉ" ነው ያልኩት።

መጋቢት 23

ደረጃው ላይ ተገናኘን። ሩዝ የለም፣ ጉልበታቸው ገና ነው። "ነይ" ልል አስቤ "ይምጡ" ወጣኝ። እዚያው ቆመው ሳቁብኝ። ሁለተኛ ሞከርኩ። "ነዪ... ነ..." ምላሴ ተሳሰረ። እንዴት ነው ገደል ላይ እንዲያ የወረደልኝ?

ሚያዝያ 4

ምንም። ዝናብ። ሰርጉ እየቀረበ ነው። አንዳንዴ ጠዋት ስነቃ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀምጦ አገኘዋለሁ፣ እስከ ቁርስ ይሄዳል።

ሚያዝያ 27

ሰርጉ ትናንት ነበር። ቤቴን አጸዳሁ፣ ፍሪጁን ጭምር። ማታ እህቴ መጥታ አብራኝ አደረች።

ዛሬ ጠዋት ሱቁን ገና ስንከፍት እማማ መጣች። የትናንቱን ጫማ በእጇ ይዛ፣ በነጠላ ጫማ። እግሯ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። የደንበኛው ወንበር ላይ ዘፍ አለችና ሻይ የለም ወይ አለች። አፈላሁላት። አለቃዬ ሰላም ብሏት ወደ ጓዳ ገባ።

ጨፈርሽ ወይ አልኳት። ጨፍራለች። ሰዉ ሁሉ ጉልበትሽ ደህና ነው ወይ እያለ ሲያስጨንቃት አምሽቷል። እሱ ከስቷል። ሲሰናበታት አለቀሰ፣ ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እኔም እንዴት ነው ብዬ አልጠየቅኩም፣ እሷ ናት የነገረችኝ። ሰማሁ። መስማት ቻልኩ።

"ልጅቷስ?" አልኩ።

"ደህና ልጅ ናት።" ሻይዋን ፉት አለች። "ትፈራኛለች መሰለኝ። አንቱ ትለኛለች።"

"ጊዜ ስጫት" አልኳት።

ስለው ትንሽ ወጋኝ። ትንሽ ብቻ።