መምህር ደሳለኝን ሳልሸኘው

ሐምሌ ፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

የትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ መምህር ደሳለኝ ዛሬ ሊሰናበተኝ መጣ። ወደ ደሴ ቀይረውታል። ከበቅሎ ወድቄ እግሬ ከተሰበረ ወዲህ፣ ከትምህርት ሲወጣ እየመጣ ሲያስነሳኝ ሲያስቀምጠኝ፣ ጉልበቴን ሲያሳጥፈኝ ሲያስዘረጋኝ የከረመው እሱ ነው። ጎረቤቴ ጥሩነሽ «በስተርጅና ወታደር ሊቀጠሩ ነው?» እያለች ስትስቅብኝም አልተውኩ።

እግሬ ከፋሲካ ወዲህ ድኗል። ሰው ሳያይ በጓሮ እሄድበታለሁ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ከዳንኩ ይቀርብኛል ብዬ ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በሬን የሚከፍት ሌላ ሰው የለኝም።

ጉልበቴን ስሞ «አባቴ፣ ሳላድንዎት መሄዴ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ።

«የእግዜር ሥራ ነው፣ ልጄ» አልኩት።

እንግዳዬን እስከ ወንዙ ሳልሸኝ ቀርቼ አላውቅም። ብነሳ ግን ውሸቴ ሊወጣ ነው። ከመደቡ ሳልነቃነቅ መረቅኩት።

ከደጅ ሲርቅ አልቻልኩም፤ ተነስቼ ሮጥኩ። ወንዙ ስደርስ ተሻግሯል። ውሃው ሞልቶ ጩኸቴን ዋጠው። ማዶ ላይ አንዴ ዞር ያለ መሰለኝ። አይቶኝ ከሆነ ውሸታምነቴን አውቋል። ካላየኝ ደግሞ አላዳንኩትም ብሎ ሲቆጭ ይኖራል። የትኛውን ብዬ እግዜርን እንደምለምን አጣሁ።