የዘይነባ ምግብ ቤት የተዘጋበት ምክንያት

እማዬ፣

አፈር ከለበስሽ ስምንት ክረምት አለፈ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። ልጽፍልሽ የሚገባው ነገር አንድ ብቻ ነበርና እሱን ለሰው ቀርቶ ለሟችም መናገር ፈራሁ። አሁን ግን ከሚሴ በሙሉ አውቆታል፤ አንቺ ብቻ ሳታውቂ መቅረት የለብሽም።

የቤቱን ላስቀድም። ምግብ ቤትሽ ፈርሶ ቦታው ነዳጅ ማደያ ሆኗል። የጓሮው ጉድጓድ ተደፍኗል። ግድግዳና ጉድጓድ የምትጋሪያት ክርስቲያኗ ጎረቤትሽ በለጥሻቸው አርጅታለች፤ በምግብ ቤቷ ስጋውን ትታ ሽሮ ብቻ ትሸጣለች። የሚበላላትም ጥቂት ነው።

በዚህ በጋ ማዘጋጃ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አንዱን ክፍል ወስዶ ቤተ መዘክር አደረገውና «የከሚሴ ምግብ ቤቶች ታሪክ» የሚል ኤግዚቢሽን ከፈተ። ያዘጋጀው ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት አስተማሪ ነው። አሮጌ ዕቃ ከየቤቱ እየለመነ ሰበሰበ፦ የመጀመሪያው ሻይ ቤት ማንቆርቆሪያ፣ ሹፌሮች ስማቸውን በጩቤ የቀረጹበት አግዳሚ ወንበር፣ መንገዱ ገና ጥርጊያ ሳለ የተነሳ ፎቶግራፍ። የባሌ እናት እቴ ሙሐባ የምግብ ቤቷን ትልቁን ድስት ሰጠች፤ መሃል ላይ አስቀመጡላት። ያንቺ የስጋ መክተፊያ ጥግ ላይ ነበር። በተሰነጠቀው ጠርዙ አወቅሁት። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የዘይነባ ምግብ ቤት። የእስላምና የክርስቲያን ስጋ ቀላቅላ በማቅረቧ ተዘጋ።»

አንቺ! ከባቲ የሚመለሰው ነጋዴ ሌላውን ቤት ሁሉ አልፎ አንቺ ዘንድ የሚወርደው፣ ከጨፋ ከብት ነድቶ የመጣውን በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ና ተቀመጥ፣ ብለሽ ከጥላው ሥር የምታስቀምጪው፣ እጅሽን ስለሚያምኑት ነበር። ከበለጥሻቸው ጨው ትበደሪያለሽ፣ በርበሬ ትበደሪያለሽ፣ እኔንም ስታመም እሷ ዘንድ ታሳድሪኝ ነበር። ስጋ ግን በመካከላችሁ አልፎ አያውቅም። እሷም በፋሲካ አሳርዳ እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ደጃፍሽን አትረግጥም። ይህን ከሁለታችሁ ቀጥሎ አሳምሬ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

አስራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ታስታውሻለሽ። ይማምን አገባለሁ ስልሽ እንቢ አልሽ። «እነዚህ ሰዎች የኔን ደንበኛ እንጂ አንቺን አይደለም የሚፈልጉት» አልሽኝ። የይማም እናት እቴ ሙሐባ ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ምግብ ቤት ከፍታ ሰው አልገባላት ብሎ ዝንብ የምታባርር ሴት ነበረች። ባኮረፍኩሽ ሳምንት ከከሚሴ ወጣ ብላ ባለችው በሰንበቴ ገበያ ላይ አገኘችኝ። ሰው በተሰበሰበበት መሃል፣ «እውነት ነው እንዴ ልጄ፣ እናትሽ ስጋ ሲያልቅባት ከዚያች ከጎረቤቷ ትወስዳለች የሚሉት?» አለችኝ።

ዓይኗን እያየሁ «አዎ» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አላስፈለገማ።

በሳምንቱ አግዳሚዎችሽ ባዶ ሆኑ። የሠራሽው ወጥ እንደሞላ እየቀዘቀዘ ለውሻ ተደፋ። መስጊድ ደጅ ቆመሽ «ወላሂ!» ብለሽ ማልሽ። ሽማግሌዎቹ እናትና ልጅ እንዳይቃቃሩ ብለው ይሆናል፣ ስሜን አልጠሩም፤ «ወሬው ከቅርብሽ ነው የወጣው፣ ዘይነባ» ብቻ አሉሽ። አንቺም ከግድግዳው ማዶ ያለችውን አሰብሽ። እኔን አላሰብሽም። በለጥሻቸውን በሰው ፊት «አንቺ ነሽ ያረድሽኝ!» አልሻት። ያቺ ሴት እያለቀሰች በማርያም ስትምልልሽ እኔ ክንድሽን ደግፌ ቆሜ ነበር።

ይማምን አገባሁ። ደንበኞችሽ ወደ አማቴ ቤት ተሻገሩ፤ ያንቺን ወጥ ይበሉ ለነበሩ ሰዎች እዚያ ወጥ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። አንቺ ሦስት ዓመት በተዘጋ በር ውስጥ ተቀምጠሽ ታመምሽ። ልትሞቺ ሰሞን በለጥሻቸው አጥሚት ይዛ መጣች። «አትግባብኝ፤ ቀብሬም ላይ እንዳትቆም» አልሽ። በሩ ላይ ሆና ሰማችሽ። ከዚያ ሁለት እጅሽን ወደ ላይ አንስተሽ «ይህን ያወራብኝን ሰው አላህ ዘር ያሳጣው!» አልሽ። በቤቱ የነበሩት ሁሉ «አሚን» አሉ።

እኔም «አሚን» አልኩ፣ እማዬ። ሰው እንዳይጠረጥረኝ። እስከ ዛሬ አልወለድኩም።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ዕለት ክፍሉ በሰው እንደሞላ በለጥሻቸው በምርኩዟ ገባች። ፊደል አታውቅምና አስተማሪውን አንብብልኝ ብላ ያንቺን ወረቀት አስነበበችው። ሰምታ ስትጨርስ «ውሸት ነው! ዘይኔ ይህን አታደርግም!» ብላ ጮኸች። አንዱ «አንቺው አውርተሽባት የለ?» አላትና ሰው ሳቀ። እቴ ሙሐባ ከድስቷ አጠገብ ቆማ ከሁሉ አብልጣ ሳቀች። አሮጊቷ የሚያምናት ሰው ፍለጋ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ ልጇ አይደለሽ? ተናገሪላት እንጂ!»

ደፍሬ እንዳይመስልሽ። የመክተፊያሽን የተሰነጠቀ ጠርዝ ያዝኩ፤ ከዚያ አፌ ራሱ ተከፈተ። «እናቴ ስጋ አልቀላቀለችም። በለጥሻቸውም አላወራችም። ሰንበቴ ገበያ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ ቀጥ አለ። አስተማሪው ወረቀቱን ገንጥሎ በጀርባው ላይ «በገዛ ልጇ ሐሰት ተዘጋ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ስምዎን ልጨምር?» አለኝ። ጨምር አልኩት። «በገዛ ልጇ በሰይዳ ሐሰት ተዘጋ» ሆነ። እስካሁን እዚያው አለ።

የዚያኑ ዕለት ያቺ ገበያ ላይ የጠየቀችኝ ሴት፣ እቴ ሙሐባ፣ «እናቷን የሸጠች እኛንም ትሸጣለች» ብላ ልብሴን ወደ ደጅ ጣለችው። ይማምም መካንነቴ ሰልችቶት ሰበብ ሲፈልግ ኖሮ፣ አገኘ።

በማግስቱ በለጥሻቸው እግር ላይ ልወድቅ ሄድኩ። በምርኩዟ ገፋችኝ።

«አስራ አንድ ዓመት ሰው ሲጠቁምብኝ ኖርኩ፤ እሱን ልተውልሽ» አለች። «እሷ ግን ጠልታኝ ሞተች። ይህን ማን ይመልስልኛል?»

ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች። «መቃብሯን አሳዪኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይንሽን እንዳላይ» አለችኝ።

ዳገቱን ስትወጣ ሦስቴ ቁጭ ብላ አረፈች። እጇን ልይዛት ብል አልፈቀደችም። መቃብርሽን ሳሳያት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀመጠችና ዛሬ የሞትሽ ይመስል ደረቷን መታች። «ዘይኔ፣ እኔ አይደለሁም፣ ሰማሽ? እኔ አይደለሁም» ትልሽ ነበር። ቀና ስትል እኔን አየችኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ!» አለችኝ። ከገዛ እናቴ መቃብር ሂጂ ተባልኩ፤ ሄድኩ።

አሁን በኪራይ ክፍል ነኝ። ሻይ ቤት ሳህን አጥባለሁ፤ ሰው ፊት እንዳልቀርብ ባለቤቷ ከጓሮ አስቀምጣኛለች። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ እማዬ። ብትችይም እንኳ አትበይኝ። የምገባልሽ ቃል አንድ ነው፤ አልረሳሽም። በለጥሻቸው በየዓርቡ ትመጣልሻለች። እኔም በሕይወት እስካለሁ በየዓርቡ እመጣለሁ። እንዳታየኝ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ። ካንቺ ጋር ጨዋታዋን ጨርሳ ስትወጣ፣ ያኔ እገባለሁ።

ልጅሽ ሰይዳ